ጠርሙሱ ከመሞላቱ በፊት

ልጄ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተሽ የተመደብሽበት ሥራ ከክትትል ጉድጓዶች የውሃ ናሙና መውሰድ መሆኑን ስትነግሪኝ ትንሽ ቅር ያለሽ መሰለኝ። ጠርሙስ ሞልቶ ለላቦራቶሪ ማድረስ የተላላኪ ሥራ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሚው። ላቦራቶሪው የሚነግርሽ ጠርሙሱ ውስጥ ስላገኘው ውሃ ብቻ ነው። ያ ውሃ ከመሬት በታች ያለውን መምሰሉና አለመምሰሉ የሚወሰነው ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ በአንቺ እጅ ነው። እዚያ የተበላሸውን አዲስ አበባም ሆነ አውሮፓ ያለ ውድ መሣሪያ አይመልሰውም።

ደግሞም የተመደብሽው መቐለ ላይ ነው። ጥር 1888 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ተከብቦ የለቀቀው በጥይት ብዛት አልነበረም፤ በእቴጌ ጣይቱ ብልሃት የውሃው ምንጭ ስለተያዘበት ነው። ዛሬ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ያለው እዚያው አካባቢ ነው። ከተማዋ ዛሬም በአብዛኛው የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ትልቁ ድርሻ ከአይናለም ጉድጓዶች ይመጣል። ወረፋው ሲራዘም ቦቴ የሚጠብቀውን ቤተሰብ አንቺም ታውቂዋለሽ። የምትወስጂው ናሙና የዚያ ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ምክሬን በቁጥር አድርጌዋለሁ፤ በመስክ ላይ ስትሆኚ ለማስታወስ ይቀልሻል። አንዳንዱ ረዝሟል፣ አንዳንዱ አጥሯል፤ እንደ ክብደቱ ነው።

1. ድንጋዩን ሳታውቂ ጉድጓዱን አትክፈቺ።

መቐለ የተቀመጠችው በአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ በአጉላ ሼልና እነዚህን ሰንጥቆ በገባው ዶለራይት ላይ ነው። ኖራው ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይሰጣል፤ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የእሱ ሥራ ነው። ሼሉ ውስጥ ጂፕሰም ስላለ ውሃው በዚያ ሲያልፍ ሰልፌቱ ይጨምራል፣ ጣዕሙም ይመራል። ስለዚህ ከፍ ያለ ሰልፌት ባየሽ ቁጥር ፋብሪካ ለመክሰስ አትቸኩይ፤ ድንጋዩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ናይትሬት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ባብዛኛው የሚመጣው ከእኛ ነው፦ ከመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ከከብት በረትና ከማዳበሪያ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ስላለው ከላይ የፈሰሰው ቆሻሻ አፈር ሳያጣራው ፈጥኖ ሊወርድ ይችላል።

ምን እንደምትፈልጊ ሳታውቂ የወሰድሽው ናሙና የምትፈልጊውን አይነግርሽም። የባንግላዴሽ ሰዎች ከወንዝና ከኩሬ በሽታ ለመሸሽ በሚሊዮን የሚቆጠር የቧንቧ ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ ለዓመታት አርሰኒክን የመረመረ ሰው ስላልነበረ ሕዝቡ ሳያውቅ ጠጣው። በእኛም አገር ወንጂ ላይ በመጠጥ ውሃው ውስጥ ስላለው ፍሎራይድ የተናገረው የስኳር እርሻው ሠራተኞች ጥርስና አጥንት ነበር።

2. መሣሪያሽን ማታ አዘጋጂ፣ ጠዋት አስተካክዪ።

የፒኤች መለኪያውን በ4፣ በ7 እና በ10 መፍትሔዎች፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያውን በ1413 መፍትሔ አስተካክዪ፤ ያነበብሽውን ቁጥርም ጻፊ። የኦክስጅን መለኪያ ያለሽ ከሆነ ከፍታውን ንገሪው። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን የሚይዝ ውሃ እዚህ የሚይዘው 7 ያህል ብቻ ነው። ይህን ያልተነገረው መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥሻል።

ለላቦራቶሪው አስቀድመሽ ደውዪ። ሬኤጀንት አላቸው? ባለሙያው በዚያ ቀን አለ? መብራትስ? ናሙናው በር ላይ ደርሶ «ዓርብ ከሰዓት አንቀበልም» መባል የተለመደ ነው።

3. ውሃውን ከመንካትሽ በፊት ጥልቀቱን ለኪ።

በኬሲንጉ (የጉድጓዱ መደገፊያ ቧንቧ) አፍ ላይ ምልክት ከሌለ በማይለቅ ቀለም አንድ ነጥብ አድርጊና ሁልጊዜ ከዚያ ነጥብ ለኪ። ሁለት ጊዜ ለኪ፤ ሁለቱ ንባቦች ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተራራቁ ሦስተኛ ድገሚ። ኬሲንጉ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለም መዝግቢ፤ ከዓመት በኋላ ሰው ቆርጦት ወይም ሲሚንቶ አፍስሶበት ልታገኚው ትችያለሽ።

አይናለም ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አጠገብ ያሉት የማምረቻ ጉድጓዶች እየተሳቡ ከሆነ የአንቺ ጉድጓድ ውሃ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ካልተሳቡ ከፍ ይላል። ስለዚህ የጎረቤቱ ፓምፕ ይሠራ እንደነበር፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመ ዘበኛውን ጠይቂ። መብራት ሲጠፋ ሌላው ሲያማርር አንቺ የጥልቀት መለኪያሽን (ዲፕ ሜትሩን) አውጪ፤ ፓምፑ ቆሞ ውሃው እንዴት እንደሚመለስ በነፃ የምታዪበት ሰዓት ነው። በየአምስት ደቂቃው የተጻፈ የአንድ ሰዓት ንባብ ስለ ጉድጓዱ ብዙ ይናገራል።

4. የቆመውን ውሃ አስወግደሽ አዲሱን ጠብቂ።

በኬሲንግ ውስጥ ለሳምንታት የቆመ ውሃ የአለቱን ውሃ አይወክልም። አየር ነክቶታል፣ ብረት አዝጎበታል፣ ጋዙ ወጥቷል። እሱን ቀድተሽ ብትሄጂ የምትመረምሪው ኬሲንጉን ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የውስጥ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ኬሲንግ በአንድ ሜትር ቁመት 8 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ጉድጓዱ 60 ሜትር ጥልቀት ቢኖረውና ውሃው 22 ሜትር ላይ ቢገኝ፣ የቆመው ውሃ 38 ሜትር ነው፤ ያ ወደ 300 ሊትር ይሆናል። የተለመደው ደንብ ሦስት እጥፉን ማስወጣት ነው፤ 900 ሊትር፣ 45 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። በአንድ ሊትር ቤይለር (የእጅ መቅጃ) ይህን ያህል እቀዳለሁ የሚል ካለ እየዋሸ ነው። ለዚህ ጉድጓድ ፓምፕ ያስፈልጋል።

ሦስት እጥፍ ማውጣት ግን በራሱ ግብ አይደለም። ዓይንሽ መለኪያው ላይ ይሁን። በየሦስት እስከ አምስት ደቂቃው ሙቀቱን፣ ፒኤቹን፣ አስተላላፊነቱንና ድፍርስነቱን ጻፊ። ሦስት ተከታታይ ንባቦች ላይ ፒኤቹ ከ0.1 በላይ ካልተለዋወጠ፣ አስተላላፊነቱም በ3 ከመቶ ውስጥ ከሆነ አዲሱ ውሃ ደርሷል። ፓምፑን በዝግታ ማስኬድ ከቻልሽ፣ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በታች፣ የውሃው ከፍታም ብዙም ካልወረደ፣ ትንሽ ውሃ አውጥተሽ የተሻለ ናሙና ታገኛለሽ። ብዙ አገር ያለው የዛሬ አሠራር ይህ ነው።

ሼሉ ውስጥ የተቆፈሩ ደካማ ጉድጓዶች አሉ፤ ሃያ ደቂቃ ሳትስቢያቸው ይደርቃሉ። በዚያ ጊዜ አትናደጂ። አድርቀሽ ተዪው፣ ውሃው ሲመለስ፣ ከ24 ሰዓት ሳያልፍ ውሰጂ። ማደር ሊያስፈልግሽ ይችላል፤ አለቃሽ የውሎ አበል ሲቆጥር ደስ ባይለውም።

5. ከንጹሑ ጀምረሽ በተጠረጠረው ጨርሺ።

በየጉድጓዱ መካከል ፓምፑንና ገመዱን እጠቢ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አትጠቀሚ፤ ፎስፌት ሊኖርበት ይችላልና ለላቦራቶሪ የተሠራውን ግዢ። ገመድ መሬት አይነካ፤ ንጹሕ ላስቲክ አንጥፊ። ጀነሬተሩን ነፋስ ጭሱን ወደ ጉድጓዱ በማያመጣበት በኩል አቁሚ። ነዳጅ የቀዳው ሾፌር ጠርሙስ አይንካ፤ ቤንዚን ከማደያ መጣ ብለሽ ሪፖርት ጽፈሽ የሾፌሩ እጅ ሆኖ ከተገኘ ማንም ዳግመኛ አያምንሽም። ማንም አጠገብሽ ሲጋራ አያጭስ። ጓንትሽን በየጉድጓዱ ቀይሪ።

6. የኖራ ድንጋይ ውሃ ከወጣ ጀምሮ መለወጥ ይጀምራል።

ይህን በደንብ አንብቢ፤ እኛ አገር ከምንም በላይ የሚያሳስተው እሱ ነው።

የአይናለም ውሃ ከመሬት በታች ሳለ ከአየሩ የበለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል። አየር ሲነካው ጋዙ ይወጣል፤ ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት እንደሚያደርገው ማለት ነው። ጋዙ ሲወጣ ፒኤቹ ከፍ ይላል። ፒኤቹ ከፍ ሲል ካልሲየሙ ከባይካርቦኔቱ ጋር ኖራ ሆኖ ወደ ታች ይቀመጣል። ከሁለት ቀን በኋላ ላቦራቶሪው ጠርሙሱን ሲከፍት ፒኤቹ ከፍ ያለ፣ ካልሲየሙና አልካሊኒቲው የቀነሰ ውሃ ያገኛል፤ ጠርሙሱ ግርጌም ጥፍር የሚያክል ነጭ ዱቄት ተለጥፏል። ባለሙያው በቅንነት የመረመረው ነው፤ ቁጥሩ ግን ጉድጓዱን አይመለከትም።

መፍትሔው ሦስት ነው። ፒኤችና አልካሊኒቲን እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ለኪ፤ የመስክ ቲትሬሽን ኪት ርካሽ ነው። ለካልሲየምና ለሌሎች ብረታ ብረቶች የሚሆነውን ውሃ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አጣርተሽ ወዲያው ናይትሪክ አሲድ ጨምሪ፣ ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪሆን። ለአልካሊኒቲ የሚሄደውን ጠርሙስ ደግሞ እስከ አፉ ሙዪው፤ አሲድ ፈጽሞ አይግባበት።

ቅደም ተከተሉን ልብ በዪ፦ መጀመሪያ ማጣራት፣ ከዚያ አሲድ። ብዙ ወጣት ማጣሪያው ስለሚደፈን ያልተጣራ ውሃ ላይ አሲድ ያፈሳል። ውሃው ውስጥ የሚዋኘውን የኖራ ብናኝ አሲዱ ያሟሟዋል፤ ካልሲየሙም ብረቱም ማንጋኒዙም ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ማጣሪያው ቡናማ ሆኖ ከተዘጋ ጉድጓዱ ገና አልጠራም ማለት ነው፤ ወደ አራተኛው ምክር ተመለሺ። ያልተጣራውን ጠቅላላ መጠን ማወቅ ከተፈለገ ሌላ ጠርሙስ ነው፤ ላዩ ላይ «ያልተጣራ» ተብሎ ይጻፍ።

7. እያንዳንዱ ጠርሙስ የራሱ ሕግ አለው።

የማዕድን ውሃ ወይም የሚሪንዳ ፕላስቲክ ይዞ የሚመጣ ሰው ዛሬም አለ። የዘይት ጀሪካን ይዞ የመጣም አይቻለሁ። ጠርሙሱ ከላቦራቶሪው ይምጣ።

ከነዳጅ ማደያ ወይም ከጋራዥ አጠገብ ላለ ጉድጓድ መጀመሪያ የሚሞላው በነዳጅ ውስጥ ያሉትን ተናኝ ኬሚካሎች የሚመረምሩበት ትንሹ የመስታወት ብልቃጥ ነው። ውሃው በጎኑ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ ክዳኑን ዘግተሽ ገልብጪው፣ በጣትሽም መታ መታ አድርጊው። ሰናፍጭ የምታክል አረፋ ከታየች ክፈቺና ሙዪው፤ ኬሚካሉ ወደዚያች አረፋ ይሸሻል። የባክቴሪያው ጠርሙስ በተቃራኒው ነው፤ ላዩ ላይ ትንሽ አየር ይተውለት፣ ላቦራቶሪው ሊያናውጠው ነውና። ፍሎራይድ ወደ ፕላስቲክ እንጂ ወደ መስታወት አይገባም። አሲድ ቀድሞ የተደረገበትን ጠርሙስና የባክቴሪያውን በናሙናው ውሃ ማለቅለቅ አይፈቀድም፤ ሌሎቹን ግን ሦስት ጊዜ አለቅልቂ።

8. ባክቴሪያ ሰዓት ይቆጥራል።

የቧንቧውን አፍ አልኮል አድርገሽ ለኩሺው፣ ውሃውን አፍስሺ፣ ከዚያ ቅጂ። ውሃው ክሎሪን ካለው ጠርሙሱ ውስጥ ሶዲየም ቲዮሰልፌት ይኑር፤ ጉድጓዱን ለማወቅ ከሆነ ግን ከክሎሪኑ በፊት ካለው ቧንቧ ውሰጂ። በስድስት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ፤ ከ24 ሰዓት ካለፈ ጣዪው። አዲስ አበባ የሚላክ ነገር አይደለም፣ እዚሁ መቐለ ይመርመር።

9. ሰዓቱንና ቦታውን ሁለት ጊዜ አስቢ።

ጠዋት 2 ሰዓት ቀድተሽ «2፡00» ብለሽ ጻፍሽ። ላቦራቶሪው በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ሌሊት የተቀዳ ብሎ ያነበዋል፤ ወይም ከሰዓት ይመስለዋል። ስድስት ሰዓት ብቻ ዕድሜ ላለው ናሙና ይህ ሞት ነው። ቀኑም እንዲሁ። በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ፣ የቱ የየትኛው እንደሆነም ግለጪ።

የጂፒኤስ ነጥብ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የድሮዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን መነሻ ነው፤ ስልክሽና ጂፒኤስሽ ግን በደብልዩጂኤስ 84 ይሠራሉ። ሁለቱን ካደባለቅሽ ጉድጓዱ ከቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይርቃል። ጉድጓድ ተቀራርቦ በተቆፈረበት ሜዳ ላይ የሌላውን ጉድጓድ ውጤት ለዚህኛው ሰጠሽ ማለት ነው። የትኛውን እንደተጠቀምሽ ጻፊ፤ የዩቲኤም ዞኑ 37 ነው።

ማስታወሻው በእርሳስ ይጻፍ፤ ቢክ እርጥብ ወረቀት ላይ በደንብ አይጽፍም። የርክክብ ቅጹንም ሳትሞዪ ጠርሙስ ከእጅሽ አይውጣ፦ ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ በስንት ሰዓት።

10. በረዶውን አስቀድመሽ ፈልጊ።

ከሆቴል ወይም ከሥጋ ቤት ፍሪዘር ለምኚ፤ ማታ የሃይላንድ ፕላስቲክ በውሃ ሞልተሽ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዢ። ናሙናው በ4 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጥ፤ በረዶ ግን አይሁን። በላስቲክ ጠቅልዪው፤ በረዶው ሲቀልጥ ምልክቱ እንዳይለቅ። አሲድ ሳይጨመር የሚጠበቅ ናይትሬት ከ48 ሰዓት በላይ ዕድሜ የለውም፤ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ደግሞ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ መላክ ይሻላል፤ የአሲዱን ብልቃጥ ግን በሻንጣሽ ይዘሽ ለመብረር አታስቢ። አያስገቡሽም፣ ልክም ናቸው።

11. ከተለመደው መንገድ አትውጪ።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከነበረው የትግራይ ጦርነት ያልፈነዳ ተተኳሽ የቀረባቸው ማሳዎች አሉ። ወደ ጉድጓዱ የሚወስደውን መንገድ የአካባቢውን ሰው ጠይቂ፣ አቋራጭ አትፈልጊ። ማስታወሻሽ ላይ የማይጻፍ ነገር ቢሆንም ከሁሉ ይበልጣል።

ሰዎቹንም አክብሪ። ፓምፑ ሲነሳ ጀሪካን ይዘው እናቶች ይመጣሉ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ 900 ሊትር መሬት ላይ ሲፈስ ማየት ያማል። ጉድጓዱ የታወቀና ንጹሕ ከሆነ ስጪያቸው። የተጠረጠረ ከሆነ ግን ዝም ብለሽ አታስቀጂ፤ «እናቴ፣ ይሄ ገና አልተመረመረም» በዪ፣ ለምን እንደሆነም አስረጂ። የሚናደድብሽ ካለ ታገሺው።

12. ራስሽን ጠርጥሪ።

ከአሥር ናሙና አንዱን ሁለት ጊዜ ወስደሽ ሁለተኛውን በሌላ ቁጥር ላኪ፤ ላቦራቶሪው መንትያ መሆናቸውን አይወቅ። በየዙሩ አንድ ባዶ ናሙናም ይኑር፦ ከላቦራቶሪ የመጣ ንጹሕ ውሃ በፓምፑና በማጣሪያው አሳልፈሽ እንደ ማንኛውም ናሙና ላኪው። ለዚህ ከጋራዥ የሚገዛውን የባትሪ ውሃ አትጠቀሚ፤ ንጽሕናውን ማንም አያረጋግጥልሽም። ባዶው ውስጥ ዚንክ ከተገኘ ዚንኩ ከጉድጓዱ አልመጣም።

ውጤቱ ሲመጣ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙን፣ ሶዲየሙንና ፖታሲየሙን ወደ ሚሊ ኢኩይቫለንት ቀይረሽ ደምሪ፤ ባይካርቦኔቱን፣ ሰልፌቱን፣ ክሎራይዱንና ናይትሬቱን እንዲሁ። ሁለቱ ድምር ከ5 ከመቶ በላይ ከተለያዩ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። ሪፖርት ከመጻፍሽ በፊት ላቦራቶሪውን ጠይቂ። የሚቀየመው ሰነፉ ባለሙያ ብቻ ነው።

13. በዓመት ሁለት ጊዜ ይሁን፤ መረጃውም በአንድ ኮምፒውተር አይቅር።

ዝናባችን አጭር ነው፤ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በግንቦት የተወሰደ ናሙና የደረቁን ጊዜ ውሃ ያሳያል፣ በመስከረም ማብቂያ የተወሰደው ደግሞ ክረምቱ ምን ይዞ እንደወረደ ይነግርሻል። አንዱ ብቻ ካለሽ ናይትሬቱ ጨመረ ወይም ቀነሰ ለማለት አትችዪም።

በዚያው ጦርነት ብዙ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሩንም ፋይሉንም አጥተዋል፤ ነዳጅና ሬኤጀንት በጠፋበት ጊዜም ናሙና የሚወስድ አልነበረም። የተቋረጠው ዓመት አይመለስም፤ ግን ከአሁን በኋላ የሚሰበሰበው እንዳይጠፋ ማድረግ ይቻላል። ከየዙሩ በኋላ የማስታወሻ ደብተሩን ገጾች በስልክሽ ፎቶ አንሺና የውጤቱን ቅጂ ከወረቀቱ ጋር ለከተማው የውሃ አገልግሎት፣ ለውሃ ቢሮና ለዩኒቨርሲቲው ስጪ። ጉድጓዱ ያለበት ሰፈር ሰዎችም ውጤቱን በሚገባቸው ቋንቋ ይስሙ፤ ማንም ሳይጠይቅሽ ሄደሽ ንገሪያቸው።